የዘማች ስንቅ

ስትራቴያ የጥንት ግሪክ ቃል ነው። ዘመቻ ማለት ነው፤ ለአገር ወጥቶ መዝመትንም ይጨምራል። እኔን የያዘኝ ግን የስንቁ ነገር ነው። በጥንቷ አቴና የክተት ጥሪ ሲመጣ «የ3 ቀን ስንቅ ይዛችሁ ኑ» መባል የተለመደ ነበር። ብዙው እግረኛ ጋሻና ጦሩንም በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ከስንቁ መሃል የተቆላ ገብስ ዱቄት አለ፤ በውሃ እያሸ ይበላዋል። ሽንኩርትም አይቀርም።

ታዲያ ይሄ በሶ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እዚህ ሐረር እናቴ ገብሱን ከሸዋ በር ትገዛለች። ፈትጋ፣ ቆልታ፣ ወፍጮ ቤት ትልከዋለች። ሲመጣ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ከዚያ ጨውና ውሃ ጠብ አድርጎ በእጅ መጨበጥ ነው፤ እሳት አይፈልግም። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን የሐረርን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱም ስንቁ በየቤቱ የተሰናዳ ነበር። ያን ሁሉ የፈጩትን ሴቶች ስም የጻፈልን የለም፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አቴና ውስጥ ተጠርቶ የቀረ ሰው ይከሰሳል። ከተፈረደበት የዜግነት መብቱን ያጣል፤ በሸንጎ አይናገርም፣ መቅደስም አይገባም።