ኤልኤስዩ የደፈረበት ዓመት

በአጭሩ ኤልኤስዩ የሚባለው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. ያደረጋቸውን 15 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነበትን ዘመን ሳስብ፣ ከዋንጫው ቀድሞ የሚታወሰኝ በሁለተኛው ሳምንት ኦስቲን ላይ ከቴክሳስ ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። ኤልኤስዩ 37 ለ 31 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀር፣ ኳሷን እንደያዘ ለመቀጠል ከተፈቀዱለት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው 17 ያርድ መሄድ ነበረበት። የድሮው ኤልኤስዩ ቢሆን ኳሷን ይዞ በመሮጥ ሰዓት ይገድልና ቀሪውን ለተከላካዮቹ ይተው ነበር። ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ (ኳርተርባክ) ጆ በሮው ግን ለጀስቲን ጄፈርሰን ወረወረለት፤ ጄፈርሰንም 61 ያርድ የተቆጠረበትን ታችዳውን፣ ማለትም ኳሷን የተጋጣሚ ጎል ክልል ማድረስን፣ አስቆጠረ። ጨዋታው 45 ለ 38 ተጠናቀቀ።

ድፍረቱ የታሰበበት ነበር። አሰልጣኝ ኤድ ኦርጀሮን ገና 30 ዓመት ያልሞላውን ጆ ብራዲን ከፕሮፌሽናሉ ክለብ ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አስመጥተው ከማጥቃት አሰልጣኙ ከስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር ያጣመሩት፣ ቡድኑ ለዓመታት የኖረበትን ሩጫ ላይ የተመሠረተ አጨዋወት ለመለወጥ ነው። በኦሃዮ ስቴት ቋሚ ተሰላፊነት አጥቶ የመጣው በሮው፣ በ2018 የወረወራቸው ታችዳውኖች 16 ብቻ ሲሆኑ በ2019 ግን 60 አድርሶ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማን ሽልማት ወሰደ። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፋቸውን አላባማንም በሜዳው 46 ለ 41 ረቱት።

ታኅሣሥ 28 በአትላንታ የሆነውን ግን ከስፖርት ለይቼ ነው የማየው። የኤንስሚንገር ምራት ወደዚያው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ስትጓዝ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቷ አለፈ፤ እሳቸው መርዶውን ጨዋታው ሳይጀመር ሰምተው፣ ከቦታቸው ሳይነሡ የቡድኑን ማጥቃት መሩ። በሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሰባት ታችዳውን ወረወረ፤ ኦክላሆማም 63 ለ 28 ተሸነፈ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እችለው ነበር ብዬ አላስብም።

ጥር 13 ቀን 2020 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው ፍጻሜ፣ 29 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ክሌምሰን 17 ለ 7 መርቶ ነበር፤ ኤልኤስዩ ከዕረፍት በፊት 21 ነጥብ አከታትሎ በማስቆጠር ወደ ፊት ወጣና 42 ለ 25 አሸነፈ። ወዲያው ብራዲ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ ሄደ፤ በሚያዝያም 14 ተጫዋቾች በፕሮፌሽናል ክለቦች ተመረጡ። በቀጣዩ ዓመት ኤልኤስዩ አምስት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ።