ስምንት ወር ከአፎት ጋር፦ ሦስት ጊዜ የቀየርኩበት ምክንያት

ባለፈው ስለ ሽጉጥ ፈቃዱ ስጽፍ ብዙዎቻችሁ «ሽጉጡን ወገብህ ላይ የምትይዝበት አፎትስ? የቱን ገዛህ?» ብላችሁኝ ነበር። ቆየሁባችሁ፣ ይቅርታ። መልሱ ሦስት ጊዜ ስለተቀየረብኝ ነው። አሁን ስምንት ወር ሞላኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሱቅ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ፣ ሂሳብ ዘግቼ የምወጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ሽጉጥ ሸፍኖ የመያዝ ፈቃድ እዚህ የሚሰጠው ሰርኪዩት ኮርት ነው፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ይመልስላችኋል፣ ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ስልጠናው በኦንላይን ብቻ አይቆጠርም፣ በአካል መገኘት ግድ ነው። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ። ቪዲዮ ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈውን ግማሹን አላውቀውም ነበር።

የያዝኩት ግሎክ 19 ነው። ይሄ ሽጉጥ በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። መጠበቂያዎቹ ውስጡ ናቸው፤ ቢወድቅ እንዳይባርቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ግን ምላጩ ወደ ኋላ ከተሳበ ሁሉም ይለቃሉ። ምላጩን የሳበው ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ ሽጉጡ አይለይም። ስለዚህ ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ ሲሆን ምላጩን የሚጠብቀው አፎቱ ነው። መጀመሪያ ይሄ አልገባኝም ነበር፤ አፎት ማለት ሽጉጥ የሚከተትበት ኪስ ይመስለኝ ነበር።

እናም የመጀመሪያው ናይለን ነበር። 15 ዶላር። ማሸጊያው ላይ ለብዙ ዓይነት ሽጉጥ ይሆናል ይላል። ሦስት ሳምንት ያዝኩት። ስልጠናው ላይ አስተማሪያችን ባዶውን ሽጉጥ ከተተበትና ጣቱን ከውጭ በጨርቁ ላይ ጫን አደረገ፤ ምላጩ ሄደ። ሌላ ነገር አልተናገረኝም፣ መልሶ ሰጠኝ። ሌላም ችግር ነበረው። ሽጉጡን ስታወጡት አፉ ይከደናል፣ ለመመለስ በግራ እጃችሁ መክፈት አለባችሁ፣ ያን ጊዜ አፈሙዙ የገዛ መዳፋችሁን ያያል። አባቴ አገር ቤት ጠመንጃውን ይዞ ሲገባ ሰላምታ እንኳ ከመስጠቱ በፊት ደጅ ላይ ቆሞ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ጥይቱን ያራግፍ ነበር። ያንን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አፈሙዝ ወደ እጄ ሳዞር ከረምኩ።

ሁለተኛው ቆዳ ነበር፣ ወደ 60 ዶላር። በጣም ይመቻል፣ ሰውነት ላይ ቶሎ ይለሰልሳል። ያ ልስላሴው ነው ያስጣለኝ። በአራተኛው ወር በላብና በሙቀት የአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ። ሽጉጡን ስትከቱ የታጠፈው ቆዳ የምላጩ ቀለበት ውስጥ ገብቶ እንደ ጣት ሊስብ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሽጉጥ የባረቀባቸው ሰዎች አሉ። ቆዳ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አፉ ላይ ብረት የተሰፋበት ጥሩ ቆዳ አለ፣ ብቻ በየጊዜው ፈትሹት፤ ሲለሰልስ ጣሉት።

አሁን የያዝኩት ካይዴክስ ነው። ሲሞቅ የሚለሰልስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ በሽጉጡ ቅርጽ ላይ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ለግሎክ 19 ተብሎ የተሠራውን የምትገዙት፣ «ይሆነዋል» የሚባለውን አይደለም። ሲገባ ቀጭ ይላል፣ አጥብቆ የሚይዝበትንም በብሎን ታስተካክላላችሁ። እኔ ስገዛ እንዲህ ፈተንኩት፦ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ፣ ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ነቅዬ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ፣ ከዚያ አፎቱ ውስጥ ከትቼ አልጋ ላይ ገልብጬ አራገፍኩት። አልወደቀም። ምላጩ ባለበት በኩል ከውጭ ዙሪያውን ጫንኩት፣ ምንም አልተነካም።

ቀበቶውን እንዳትረሱ። ጥይት የሞላ ግሎክ 19 ወደ 850 ግራም ይመዝናል፣ ተራ የሱሪ ቀበቶ አይሸከመውም፣ ይጎብጣል፣ አፎቱም አብሮ ያጋድላል። ወገቤ ታመመ ብዬ አፎቱን ስወቅስ ከርሜ ነበር፤ ጠንካራ ቀበቶ ስገዛ ሕመሙ ለቀቀኝ።

ቦታው ቀኝ ዳሌዬ ላይ ነው፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ከፊት ለፊት የሚይዙ ጓደኞች አሉኝ፣ ለማውጣትም ለመጠበቅም ይቀላል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን እዚያ አፈሙዙ የሚያየው ጭንን ነው፣ ትልቁ የደም ስር ያለበትን። እኔ ገና አልደረስኩም።

አሁን ይሄን መጻፍ የፈለግኩበት ነገር ላይ ደረስኩ። በስድስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ ማውጣትና መመለስ እየተለማመድኩ ነበር። ሆዲ ለብሻለሁ። አቀባብዬ አወጣሁ፣ ግድግዳው ላይ አነጣጠርኩ፣ ጣቴን ከምላጩ አንስቼ ወደ አፎቱ መለስኩ። ግማሽ እንደገባ ከበድ አለኝ። ገፋ አደረግኩት። ጠቅ አለ። አፎቱ የሚያሰማው ድምፅ አልነበረም። ሽጉጡን ቀስ ብዬ ሳወጣው የሆዲዬ ማጥበቂያ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ካለችው ፕላስቲክ ጋር፣ የምላጩ ቀለበት ውስጥ ገብታ ነበር። ጥይት ቢኖረው ዳሌዬን ነበር። ልጄ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝታለች።

አፎቱ ጥሩ ነው፣ ሽጉጡም ደህና ነው። ችግሩ እኔ ሳላይ፣ ቶሎ ብዬ መመለሴ፣ ሲከብደኝም መግፋቴ ነው። ለማውጣት መፍጠን የሚያስፈልግበት ቀን ሊኖር ይችላል፤ ለመመለስ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ እቆማለሁ፣ ልብሴን በግራ እጄ እስከ ደረቴ አነሳለሁ፣ አፎቱን በዓይኔ አያለሁ፣ ጣቴ ከምላጩ ውጭ ቀጥ ብላ ሽጉጡ ጎን ላይ ነች፣ ከዚያ ቀስ። ከከበደኝ አልገፋም፣ አወጣና አያለሁ። የጃኬቶቼን ገመድ ሁሉ በመቀስ ቆርጫለሁ።

ደግሞ በተቻለ መጠን ሽጉጡን ከአፎቱ አላወጣውም። ቤት ስገባ አፎቱን ከነሽጉጡ ፈትቼ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ። ልጄ 6 ዓመቷ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥይት ያለው መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ልጅ በሚጎዳበት ሁኔታ መተው ወንጀል ነው፣ ሕጉ ባይኖርም ሳጥኑን እገዛው ነበር። መጸዳጃ ቤት ስትገቡም እንደዚያው፣ አውጥታችሁ የትም አታስቀምጡት፤ እዚያው አፎቱ ውስጥ ይቆይ።

አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፦ የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ልጠይቅ ወይም ድልድዩን ተሻግሬ ዲሲ ልሄድ ከሆነ ቤት ሳጥኑ ውስጥ ትቼው ነው የምወጣው። ወገቤ ላይ ረስቼው እንዳልሻገር ከመውጣቴ በፊት ወገቤን መዳሰስ ለምጃለሁ።

የሚቀጥለው የብርዱ ጊዜ ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሼ ገና አልተለማመድኩም፤ በየማታው 20 ጊዜ፣ ባዶውን፣ ቀስ ብዬ እጀምራለሁ። ከፊት ለፊት የምትይዙ ካላችሁ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ታክሲ የምትነዱ፣ ተቀምጣችሁ እንዴት እንደሚሆንላችሁ ጻፉልኝ።