አቼቶ ይዤ ባሕር ስወርድ

ደገኛ ነኝ። ባሕር ያየሁት አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል ከገባሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ታዲያ ውሃው ሳይሆን ዳርቻው ላይ ተሰቅሎ ያገኘሁት አቼቶ ነው። እዚህ ሰላጣ አሸዋ ላይ ነው እንዴ የሚበላው?

ለካ ለቦክስ ጄሊፊሽ ነው፤ መርዘኛ ክሮች ያሉት ስስ የባሕር እንስሳ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሕሩ ዳር ድረስ ይመጣል። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጠዋት ጠዋት መረብ እየጎተቱ ውሃውን ከሚፈትሹ በጎ ፈቃደኞች ጋር ገባሁ። ለሁለት ሆነን፣ እስከ ወገባችን ጠልቀን እንጎትታለን። የምንለብሰው ስስ ላይክራ፣ ገላ ላይ የሚለጠፍ ተለጣጭ ጨርቅ ነው። በዚህ ስስ ጨርቅ ልንድን? አልኩ። ይበቃል፤ ክሩ ላይ ያሉት መርዙን የሚተኩሱት ሴሎች የሚነቁት ቆዳ ሲነኩ ነው። የድሮ ነፍስ አድን ሠራተኞች የሴት ስቶኪንግ ያጠልቁ ነበር። ያ ሁሉ ጎረምሳ!

ሦስት ሳምንት ባዶ መረብ ጎተትኩ። ከዝናብ በኋላ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ግን ፌስታል የመሰለኝ ነገር ተያዘ። ጭንቅላቴን ያህላል፣ ብርጭቆ ነው። አራት ማዕዘን አለው። ከየማዕዘኑ እስከ 15 ክር ይወጣል፤ አደን ላይ ሲሆን ክሩ እስከ 3 ሜትር ይዘረጋል። ገንዳ ውስጥ አድርገን ጥቁር ዱላ ብናስጠጋ ዞሮ ሸሸ። እኔ ማዕበል የሚነዳው ነበር የመሰለኝ። 24 ዓይን አለው፤ አንዳንዶቹ እንደ እኛ ሌንስ ያላቸው ናቸው። አንጎል የለውም፣ ግን ያያል፣ ይዋኛል፣ ዓሣ ያድናል። ዓሣው ቢንፈራገጥ ያን ስስ ገላ ይቀደዋል። መርዙ እንዲህ የከፋውም ለዚህ ነው ይባላል፤ ወዲያው መግደል አለበት።

የተነደፍኩት ባሕር ውስጥ አይደለም። መረብ ሳጥብ የተበጠሰ ክር ጓንቴና እጅጌዬ መሃል አረፈ። የጋለ ምጣድ በሉት። የመጠጥ ውሃዬን አንስቼ ላፈስ ስል ጓደኛዬ ከእጄ መትቶ ጣለው። ለካ ውሃው ያልተኮሱትን ሴሎች ያስተኩሳቸዋል! አቼቶውን 30 ሰከንድ አፈሰሰብኝ። ሕመሙን አላስታገሰልኝም፤ የአቼቶ ሥራ የቀሩትን ሴሎች ማክሸፍ ብቻ ነው። እኔን የነካኝ ክር የጣት ርዝመት ነበር። ሜትሮች የሚረዝም ክር ሲጠመጠም ግን ልብ በደቂቃዎች ሊቆም ይችላል፤ ያኔ አምቡላንስ መጥራትና ደረት መጫን ነው።

አሁን ጓንቴን ከእጅጌዬ ጋር በፕላስተር አጣብቃለሁ። የመጠጥ ውሃዬን መኪና ውስጥ ትቼ ነው የምወርደው።