ሃምሳ ዝንብ በአንድ ቱቦ አንድ ናሙና ነው

በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ጂን ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ጂኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ፣ ልትለኩ ከሆነ፣ ስለ ማርባቱ ብዙ አልላችሁም። በ25 ዲግሪ 10 ቀን ገደማ ይበቃቸዋል። ዕድሜያቸው እኩል ይሁን፣ ሁልጊዜም በአንድ ሰዓት ሰብስቡ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማንጎ አትብሉ፤ የጣና ዳር ዝንብ ሳይጠራ መጥቶ ጠርሙሳችሁ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ከሞቀ ደግሞ ያን ቀን እርሱት፤ ሙቀት ሲበዛ የሚነሱት እነ ኤችኤስፒ70 የሚባሉ ጂኖች ይነሱና የምትለኩት ሙቀቱን ይሆናል።

እኔን ያንገበገበኝ በአንድ ቱቦ ስንት ዝንብ ይግባ የሚለው ነው። አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣው ቅጂ) ማውጫ ኪት ውድ ነው፣ እስኪገዛም ዕድሜ ይፈጃል። ስለዚህ የጥናት ዕቅዴን ያዩት ገምጋሚዎች «ከየቡድኑ ሃምሳ ዝንብ በአንድ ቱቦ ጨፍልቂ፣ ፒሲአሩ (የጂኑን መጠን የሚለካው ማሽን) ላይ ሦስቴ አስነብቢው፣ በቃ ሦስት ናሙና» አሉኝ። አንድ ወጥ ሦስቴ ስለተቀመሰ ሦስት ወጥ ይሆናል እንዴ? ብል ማን ሰምቶኝ፣ ፕሮቶኮሉ ጸድቋል ተባልኩ። እሺ ብዬ ሠራሁት። ግን ከየጠርሙሱ የተረፉትን ወንዶች አሥር አሥር አድርጌ በየቱቦው ለብቻ አስቀመጥኩ።

የሃምሳው ቱቦ ላይ ዲፕተሪሲን አምስት እጥፍ ግድም ከፍ ብሎ ወጣ። ዝንብ በባክቴሪያ ስትጠቃ የሚነሳ ጂን ነው። «ግኝት!» ተብሎ ሊጻፍ ምንም አልቀረውም። የእኔ ትንንሽ ቱቦዎች ግን ሁሉም ጸጥ ብለው አንዷ ብቻ ጣሪያ ነክታለች። የታመመ ዝንብ ገብቶባታል ማለት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከሃምሳ ዝንቦች በአንዷ ላይ ጂኑ 200 እጥፍ ቢነሳ የቱቦው አማካይ 5 እጥፍ ይሆናል። አምስት እጥፍ ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም፣ ደህና ውጤት ይመስላል። ከአሥር አንዷ ከሆነች 21 እጥፍ ነው፣ ከጎረቤቶቿ ተለይታ ትጮኻለች። ይህንን ሳሳያቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ያቺን ቱቦ ጣያት።» አልጣልኳትም፣ ሁሉንም አያይዤ አቀረብኩ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እኔ የምላችሁ ይህ ነው። የሚቆጠረው ቱቦ ነው፣ ዝንብ አይደለም። በየቡድኑ አምስት ስድስት ቱቦ፣ በየቱቦው አሥር ገደማ ዝንብ፣ ቁጥሩ በሁሉም እኩል፣ ቱቦዎቹም ከተለያየ ጠርሙስ። ጾታ አትቀላቅሉ፤ የሴቷ እንቁላል ማፍሪያ ብዙ አርኤንኤ ስላለው ሌላውን ይውጠዋል። «ብዙ ዝንብ ካልሆነ አርኤንኤ አይበቃም» የሚሏችሁን አትስሙ፣ ከአንዲት ሙሉ ዝንብ እንኳ ጥቂት ማይክሮግራም ይወጣል፣ ለፒሲአር ከበቂ በላይ ነው። ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ግን እነሱም እውነት አላቸው፣ ሃያ ሠላሳ አድርጉት። ኪት ካጠረ ትራይዞልና ክሎሮፎርም (አርኤንኤ ማውጫ ኬሚካሎች ናቸው) በየቱቦው ሲሰላ ይረክሳል፤ ዝንቡን እንደያዛችሁ እዚያው ትራይዞሉ ውስጥ ጨፍልቁት፣ ጭስ መሳቢያው ሥር ግን።

በጀት ከጠበበ ደግሞ ዝንቡን ቀንሱ እንጂ ቱቦ አትቀንሱ። እሱም ካልሆነ አንድ ቡድን ሰርዙ። እኔ መካከለኛው መጠን የተሰጠውን ቡድን ሰረዝኩት፣ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።