ፖስተሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡት
ዛሬ ለንደን አንድ ትንሽዬ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዋልኩ፣ እግሬ የኔ አይደለም 😂 ትኬቱ 65 ፓውንድ ተብሎ ቡኪንግ ፊ ምናምን እያሉ 72 አስገቡት፣ ጓደኛዬ "አንቺ በዚህ ብር እኮ ክትፎ እንበላ ነበር" እያለች ነው መንገዱን ሙሉ የነዘነዘችኝ። ፖስተሩ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ሰውዬ አርፍዶ መጥቶ ግማሹን ፕሌይባክ ለቆብን ሄደ፣ እሱን ተዉት። ከሰዓት ግን ትንሿ ድንኳን ውስጥ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ሲጫወቱ ወይኔ! ትራምፔት የሚነፋው ልጅ ላቡን በቲሸርቱ እየጠረገ ከስቴጅ ወረደና ራሱ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ሸክላቸውን ይሸጣል፣ ገዛሁት በቃ።

የኛው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እኮ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በ2013 አንድ ትንሽ ሙዚቃ አሳታሚ (ሌብል) የድሮ ካሴቱን እንደገና ስላወጣለት ነው ዓለም እንደ አዲስ የሰማው፣ ትልልቆቹ ፕሮሞተሮች መች ፈለጉት።

ውድ ነው ለምትሉኝ፣ ግላስተንበሪ የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ ፌስቲቫል የ2025ቱ ትኬት 373.50 ፓውንድ ነበር፣ ያውም ማን እንደሚዘፍን ሳይነገር ነው ተሽጦ ያለቀው። እርግጥ እሱ አምስት ቀን ነው፣ ለቀን ስታካፍሉት ከኔ ብዙም አይርቅም። እኔ ግን ፖስተሩ ታች በደቃቁ ከተጻፉት ሁለት ሦስቱን ዩቲዩብ ላይ ሰምቼ ካልወደድኩ ካርዴን አላወጣም፣ ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን።