የገበሎዬ ምግብና የግቢያችን እንሽላሊቶች

የገበሎዬ እግር ድኗል። የሰፈር ልጆች በድንጋይ መትተዋት ነበር ወደ ቤት ያስገባኋት። አሁን በደንብ እየበላች ስለሆነ ዛሬ ስለ ምግቧ ላውጋችሁ።

ዋናው ፌንጣ ነው። ግን ከሣር ላይ ይዤ ወዲያው አልሰጣትም። ቀዳዳ ባለው የላስቲክ ዕቃ አስቀምጬ አንድ ቀን ጎመንና ካሮት አበላዋለሁ። ፌንጣው የበላው እሷም ሆድ ይገባላ! በማግስቱ ታጥቦ፣ ደርቆና ልሞ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ቆንጠር አድርጌ ዕቃው ውስጥ እጨምራለሁ። ቀስ ብዬ ሳነቃንቀው ፌንጣው ነጭ ለብሶ ይወጣል። ካልሲየም ካነሳት አጥንቷ ይጣመማል፣ መንጋጋዋም ይለሰልሳል። ትልልቁን ፌንጣ እተወዋለሁ፤ በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጠውን ነው የምመርጥላት።

ካልሲየም ያለ ፀሐይ ብዙም አይጠቅማትም። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ደግሞ አይቆጠርም፤ የሚያስፈልጋትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የወንፊት ሽቦ ሳጥኗን ኒም ዛፉ ሥር አወጣለሁ፣ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ጥላ የሌለው ሳጥን ምጣድ ነው። ውሃ በሳህን ብዙም አትነካም፤ ቅጠል ላይ ስረጭላት ግን ጠብታውን ትልሳለች።

ግቢ ውስጥ ፍሊት መንፋት አቁመናል። ፍሊት የነካው በረሮ ለእሷም ለግቢው እንሽላሊቶችም አደጋ ነው። እናቴ መጀመሪያ አልተስማማችም፤ ድሬ ላይ ወባውም፣ በትንኝ የሚመጣው የደንጊ ትኩሳትም ስላለ ልክ ናት። እኛ አጎበር እንዘረጋለን፣ የውሃ በርሜሉን ጥብቅ አድርገን እንከድናለን፣ ውሃ የሚያቁር ጣሳና ጎማም አናስቀምጥም።

የግቢዎቹን አልመግባቸውም፤ ራሳቸውን ችለዋል። ማታ የበረንዳው አምፖል ሲበራ የግድግዳ እንሽላሊቶቹ ይሰበሰባሉ። አንዷ የእሳት ራት ውጣ ስትጨርስ ምላሷን አውጥታ ዓይኗን ጠረገችው። የሚከደን ቆብ ስለሌላቸው የሚያጸዱት በምላስ ነው። እናቴ መርዝ አላቸው ብላ ትፈራቸው ነበር። መርዝ የላቸውም፤ ገበሎዋንም ሆነ እነሱን ከነካን በኋላ ግን እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። አሁን ራሷ «ልጆችሽ በሉ?» ትለኛለች።

ገበሎዋን በቅርቡ ያገኘኋት ቦታ እለቃታለሁ። የቀረብኝ የጎረቤት ድመት ነው። ድመት ከግቢ ያራቀ ሰው ካለ እንዴት እንደሆነለት ይጻፍልኝ።