የሚወጣው ኩላሊት ወዴት እንደሚሄድ ሳትጠይቁ ቀዶ ጥገና አትግቡ

የግራ ኩላሊቴን በካንሰር ምክንያት ያስወጣሁት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ቀዶ ጥገናው ራሱ ያለ እንከን ተጠናቋል፤ የተበላሸው ከዚያ በኋላ፣ እኔ ገና ከማደንዘዣው ሳልነቃ፣ በወጣው ኩላሊት ላይ የሆነው ነገር ነው። አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ነገ ተራው ለሚደርሰው ሕመምተኛና ለአስታማሚው ይህን ጽፌያለሁ።

መነሻው ሕመም የሌለው፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ነበር። መጀመሪያ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ደሙ ሲመለስ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቢሆን ኖሮ እሱን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ይሞከር እንደነበር፣ የእኔ ግን ከ7 ሴንቲ ሜትር ስለበለጠ ኩላሊቱ በዙሪያው ካለው ስብ ጋር መውጣት እንዳለበት ሐኪሙ አስረዳኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለምን ናሙና እንደማይወሰድ ስጠይቀው፣ በሲቲ ስካን እንዲህ ሆኖ የሚታይ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ስለሆነ ኩላሊቱ ወጥቶ ቢመረመር እንደሚበቃ ነገረኝ። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ስለ በሽታዬ ሙሉ እውነቱ የሚገኘው ከዚያ ከሚወጣው አካል ብቻ ከሆነ፣ ሆስፒታሉ ያንን አካል እንደ ዓይን ብሌኑ ሊጠብቀው ይገባ ነበር።

ምትክ ደም ለጋሾችን መፈለግ፣ የቀሪውን ኩላሊት አቅም ለማወቅ ክሬቲኒን መመርመር፣ አልጋ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ቢያደክምም አለፈ።

ቀዶ ጥገናው ሲያበቃ ኩላሊቱ በፕላስቲክ ዕቃ ተደርጎ ደጅ ይጠብቅ ለነበረው ታናሽ ወንድሜ ተሰጠው። ሆስፒታሉ ከሰውነት የወጣን ናሙና የሚመረምር የራሱ የፓቶሎጂ ክፍል ስላልነበረው ናሙናውን ውጭ ወዳለ ላቦራቶሪ ማድረስ የቤተሰብ ሥራ ነበር። ወንድሜ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠይቅ፣ «ፎርማሊን ገብቶበታል፣ ምንም አይሆንም፤ ሲመችህ አድርሰው» ተባለ። ፎርማሊን ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነበር። ላቦራቶሪው ደግሞ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የግራ ይሁን የቀኝ ኩላሊት ስላልተጻፈና የሐኪም ፊርማ ስለሌለው አልቀበልም ብሎ መለሰው። ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ ቅጹን የሚሞላለት ሐኪም ወጥቷል፤ የሚተካውም ሰው አልነበረም። ሕይወቴ የተመካበት ናሙና እስከ ሰኞ ድረስ በቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መጠኑም ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ሊሆን ይገባል። ኩላሊት የሚያህል አካል በባለሙያ እጅ ተሰንጥቆ ካልተነከረ፣ ፈሳሹ መሐሉ ሳይደርስ ውስጡ ይበላሻል፤ ያልተዘለዘለ ሥጋ ላይ ላዩን ጨው ቢነሰነስበት ቋንጣ እንደማይሆነው ማለት ነው። የእኔ ኩላሊት አልተሰነጠቀም፤ ፈሳሹም በቅጡ አልሸፈነውም ነበር። ይህ ብርቅ እውቀት አይደለም፤ በዚያ የቀዶ ጥገና ክፍል የሚሠራ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ዕጢው «ክሊር ሴል» የተባለው የኩላሊት ካንሰር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ናሙናው በመበላሸቱ የካንሰሩን ጠበኝነት የሚያሳየውን፣ ከ1 እስከ 4 ያለውን ግሬድ መወሰንም ሆነ ካንሰሩ ወደ ዙሪያው ስብ መዝለቅ አለመዝለቁን መለየት አልተቻለም ይላል። ቅሬታዬን ይዤ ስሄድ አንድ ኃላፊ፣ «ዋናው ነገር ዕጢው ወጥቶልዎታል፤ እግዚአብሔርን ያመስግኑ» አሉኝ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይህ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አልነበረም፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ካንሰሩ ስቡ ውስጥ ከገባ ደረጃ 3፣ ካልገባና ሌላ ቦታ ካልደረሰ ደረጃ 2 ነው። የተለመደው ኬሞቴራፒ ለዚህ ካንሰር ብዙም አይሠራም፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያለ፣ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ ክትትሉ ይበቃል የሚለው ውሳኔ የሚቆመው በእነዚያ ሁለት መልሶች ላይ ነው።

ብሎኮቹን (በሰም ውስጥ የተቀመጡትን የናሙናውን ቁርጥራጮች) እና ስላይዶቹን (ለማይክሮስኮፕ በመስታወት ላይ የተዘጋጁትን ስስ ቅዳጆች) ለማግኘት ብዙ ተመላለስኩ፤ ላቦራቶሪው የሚሰጠው ወረቀቱን ብቻ እንደሆነ ይነገረኝ ነበር። በጽሑፍ ጠይቄ ስወስዳቸው ሌላ የፓቶሎጂ ሐኪም በደህና ከቆዩት ጠርዞች ግሬድ 2 አነበቡልኝ። የመሐሉን ግን ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ የስቡም ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ ክትትሌ ከፍ ላለው አደጋ እንደሚደረገው ሆነ፤ በየ6 ወሩ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን እነሣለሁ፣ ወጪውንም ጨረሩንም እችላለሁ።

ቶሎ የሚቀበላችሁ ቦታ ሂዱ የሚለው ምክር በሁሉም አፍ አለ። እኔ ግን ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት መቆየት አይጎዳም ካለ፣ ፓቶሎጂ በግቢው ውስጥ ያለውን ሆስፒታል ጠብቁ እላለሁ። ዓርብ ቀጠሮ ከተሰጣችሁም ለሳምንቱ መጀመሪያ እንዲቀየር ጠይቁ፤ ቅር የሚለው ቢኖርም ይለው።

ማገገሙን በተመለከተ በማግስቱ ተነሥቼ መራመዴ፣ ስስልም ትራስ ጎኔ ላይ መጫኔ ጠቅሞኛል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ቀሪውን ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳታማክሩ አትዋጧቸው፤ የደም ግፊታችሁንም አስለኩ።

ናሙናውን ለቤተሰብ ከማስረከብ ውጭ ምርጫ የሌለው ሆስፒታል ከገጠማችሁ፣ ላቦራቶሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀበል በዋዜማው ደውላችሁ አረጋግጡ። አስታማሚያችሁም ቅጹ ላይ ስም፣ የኩላሊቱ ጎን፣ የወጣበት ሰዓት፣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ያየው ነገርና ፊርማው መኖሩን፣ ኩላሊቱ መሰንጠቁንና ፈሳሹ በደንብ እንደሚያሰጥመው ሳያይ ከዚያ ደጅ እንዳይንቀሳቀስ።